አደጋን የሚመለከቱ የእንግሊዝኛ ቃላትና የአማርኛ አቻዎቻቸው

ስለ ፋብሪካ ደኅንነት፣ ስለ መድን ወይም ስለ ጎርፍ መከላከል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰነድ እንዲተረጉም የተሰጠው ሰው ከመጀመሪያዎቹ ገጾች አንሥቶ አንድ ችግር ይገጥመዋል። «ዴንጀር»፣ «ሃዛርድ»፣ «ሪስክ»፣ «ፔሪል»፣ «ትሬት» የሚሉት ቃላት በአንድ አንቀጽ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተሰልፈው ይመጣሉ። ለተርጓሚው ግን ለሁሉም ቀድሞ ወደ አፉ የሚመጣለት ቃል አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም «አደጋ» ነው። ከዚህ የተነሣ ሃዛርድ ሪስክን እንደሚያስከትል የሚናገር ቀላል ሐሳብ «አደጋው አደጋ ያስከትላል» ሆኖ ይወጣል። ዐረፍተ ነገሩ የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ምንም አይናገርም።

ይህን ብዙዎች የአማርኛ ድህነት አድርገው ሲቈጥሩት እንሰማለን። እኛ በዚህ አንስማማም። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው፣ እንግሊዝኛ በስሞች የሚለያቸውን አብዛኞቹን ስውር የትርጉም ልዩነቶች አማርኛ ከስሙ ጋር በሚሄዱት ግሶች የሚለያቸው መሆኑን ነው። ችግሩ የሚነሣው ስሙ ከግሱ ተነጥሎ ብቻውን እንዲቆም በሚገደድበት ቦታ ነው፤ ይኸውም በቃላት ዝርዝር፣ በቅጽ፣ በሰንጠረዥ፣ በመሥሪያ ቤት ስምና በዕቃ መያዣ ላይ በሚለጠፍ ጽሑፍ ነው።

እስቲ አስቀድመን የገዛ ቃላችንን እንመልከት። «አደጋ» በቀድሞው አነጋገር ከ«ጣለ» ጋር የጠበቀ ዝምድና አለው። «ጠላት በሌሊት አደጋ ጣለበት» ሲባል አድፍጦና አስቦ የመጣ ባላጋራን፣ ድንገተኛ ጥቃትንም ያመለክታል። አደጋ ጣይ ሰው ነው፤ ጎርፍ ወይም በሽታ አይደለም። «ደረሰ» ሲከተለው ግን ባላጋራው ይጠፋል። «የመኪና አደጋ ደረሰበት» ስንል የምንናገረው ሆኖ ስላለቀ ነገር ነው፤ እንግሊዝኛ «አክሲደንት» የሚለው ይህን ነው። «ሕይወቱ አደጋ ላይ ናት» ካልን ደግሞ ገና ምንም አልሆነም፤ ሊሆን ግን ተቃርቧል። «አደጋ አንዣቦበታል» ከላይ የሚዞረውን ነገር ያሳየናል፤ «አደጋ ተጋርጦበታል» ከፊት ለፊት ቆሞ መንገድ የዘጋውን። «ይህ ገደል አደጋ አለው» ሲባል የተገለጸው የቦታው ጠባይ እንጂ የመንገደኛው ሁኔታ አይደለም። «ራሱን ለአደጋ አጋለጠ» ሲባል ደግሞ ፈቃድ ወይም ቸልታ ይገባበታል። እንግዲህ ስሙ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ያለፈውንና የሚመጣውን፣ አድራሽ ያለውንና የሌለውን፣ የነገርን ጠባይና የሰውን ሁኔታ ግሱ ለይቶ አስቀምጦታል።

ግሱ ሲነሣ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአዲስ አበባ ሰው «እሳት አደጋ መጣ» ሲል ቃጠሎ ተነሣ ማለቱ አይደለም፤ ቃጠሎ የሚያጠፉት ሰዎች ከነመኪናቸው ደረሱ ማለቱ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ረጅም ስም በሕዝብ አፍ ተቈርጦ አደጋው የአዳኙ ስም ሆኖ ቀርቷል። በንግግር ይህ ማንንም አያሳስትም፤ በቃላት ዝርዝር ውስጥ ግን «አደጋ» ብቻውን ሲቆም የደረሰው ይሁን የሚፈራው ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ወደ እንግሊዝኛው ስንመለስ፣ ከሁሉ ሰፊ የሆነው «ዴንጀር» ከእኛው «አደጋ» ጋር የሚቀራረብ ነው። አመጣጡ ግን ያስገርማል። ቃሉ በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን «ዶሚኑስ»፣ ማለት «ጌታ» ከሚለው የወጣ ሲሆን፣ መጀመሪያ ያመለክት የነበረው የጌታን ሥልጣን ነው። በሰው «ዴንጀር» ውስጥ መሆን በእርሱ እጅ መውደቅ፣ እርሱ ሊቀጣና ሊምር በሚችልበት ግዛት ውስጥ መገኘት ነበር። ሼክስፒር በ16ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ላይ በጻፈው በቬኒሱ ነጋዴ ተውኔት ባለዕዳው በአበዳሪው እጅ መውደቁን ለመናገር ይህን አሮጌ ትርጉም ተጠቅሞበታል።

ይህ የታሪክ ዝርዝር ብቻ አይደለም። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቍጥር 22 ላይ፣ በወንድሙ ላይ የሚቈጣ ሰው በፍርድ «ዴንጀር» ውስጥ እንደሆነ ይናገራል። ይህን ቃል በዛሬው ትርጉሙ የሚተረጉም ሰው ሰውዬው ምናልባት ሊፈረድበት ይችላል የሚል ሐሳብ ያወጣል። የግሪክኛው ቃል ግን ተጠያቂነትን እንጂ ምናልባትን አያመለክትም። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች በዚህ ስፍራ «ይገባዋል» የሚለውን ግስ መምረጣቸው ትክክል ነበር። የቆየ እንግሊዝኛ የሚተረጉሙ ሁሉ፣ በተለይ የሕግና የሃይማኖት መጻሕፍት በእጃቸው ያሉ፣ ይህን ልብ እንዲሉ እናሳስባለን።

«ፔሪል» ዛሬ በተራ ንግግር ውስጥ እምብዛም አይሰማም፤ በጽሑፍ ሲመጣ ክብደትና ቅርበት ያለውን አደጋ ያመለክታል። ሥሩ የላቲኑ «ፔሪኩሉም» ሲሆን፣ መጀመሪያ ሙከራ፣ መፈተኛ ማለት ነበር፤ ኤክስፐርት የሚለው ቃልም ከዚሁ ሥር የተገኘ ነው። አማርኛም በዚሁ መንገድ መጓዙን ማየት ደስ ያሰኛል። «ፈተና» ተማሪ የሚቀመጥበትም ነው፤ በሰው ላይ የሚመጣ መከራም ነው። «በጽኑ ፈተና ላይ ነው» ስንል የ«ፔሪል»ን ክብደት ከ«አደጋ» ይልቅ እናገኘዋለን። ስለዚህ በሥነ ጽሑፍ ትርጉም ውስጥ ለዚህ ቃል «ፈተና» ወይም «ጭንቅ» ቢገባ አንቃወምም።

በመድን ሙያ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ «ፔሪል» የሚባለው ጉዳቱን የሚያደርሰው ምክንያት ነው፤ እሳት፣ ማዕበል፣ ስርቆት። በለንደኑ የሎይድስ ገበያ ከ1779 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው የባሕር መድን ውል የባሕርን «ፔሪሎች» አንድ በአንድ ይቈጥር ነበር፤ ከተቈጠሩት ውጪ በሆነ ምክንያት የጠፋ ዕቃ ካሳ አያስገኝም። «ሃዛርድ» ደግሞ ምክንያቱ የመድረሱን ዕድል የሚያሰፋው ሁኔታ ነው። በመጋዘን ውስጥ የተከማቸ ቤንዚን «ሃዛርድ» ነው፤ እሳቱ «ፔሪል» ነው፤ የመጋዘኑ መቃጠል ጉዳቱ ነው፤ ይቃጠል ይሆን አይቃጠል የሚለው በገንዘብ የተመዘነ ጥርጣሬ «ሪስክ» ነው። አራቱም በአማርኛ «አደጋ» ከተባሉ፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ውሉን አንብቦ መብቱን ሊያውቅ አይችልም። በመድን ውል ለ«ፔሪል» «ዋስትና የተገባለት የጉዳት ምክንያት» ማለትን እንመርጣለን። ረጅም ነው፤ የውል ቋንቋ ግን ከማጠር ይልቅ አለመሳት ይሻለዋል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያከራክሩት «ሃዛርድ»ና «ሪስክ» ናቸው። «ሃዛርድ» የቁማር ቃል ነበር። በመካከለኛው ዘመን ባለ ስድስት ገጽ ጠጠር እየተወረወረ የሚቈመርበት ጨዋታ ስም ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሊቃውንት ሥሩን ወደ ዐረብኛ ይወስዱታል፤ በዚህ ላይ ክርክር አለ። በፈረንሳይኛ ዛሬም አጋጣሚ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ግን በተለይ የሙያ ደኅንነት ሰዎች እጅ ከገባ በኋላ አጋጣሚነቱን ጥሎ፣ ጉዳት ማድረስ የሚችል ነገርን ራሱን፣ የጉዳትን ምንጭ የሚያመለክት ሆኗል። «ሪስክ» በ17ኛው ምእት ዓመት በፈረንሳይኛ በኩል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን፣ በደኅንነት ሙያ ያለው ትርጉም ጉዳቱ የመድረሱ ዕድልና ቢደርስ የሚኖረው ክብደት በአንድነት ሲታዩ ነው። በብረት አጥር ውስጥ ያለ አንበሳ «ሃዛርድ» መሆኑ አይቀርም፤ ከአጥሩ ውጪ ለቆመው ተመልካች ግን «ሪስኩ» ትንሽ ነው። አጥሩ ሲበላሽ አንበሳው አልተለወጠም፤ የተለወጠው «ሪስኩ» ነው።

ለ«ሃዛርድ» አማርኛ የቆየና የተሟላ ቃል አለው፤ እርሱም «ጠንቅ» ነው። «የጤና ጠንቅ» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። «በእርሱ ጠንቅ ተጐዳሁ» ሲባልም ጉዳቱ ሌላ፣ የጉዳቱ መነሻ ሌላ መሆኑ በግልጽ ይታያል። ጠንቅ ቁሳዊ ሊሆን ይችላል፤ ሰውም፣ ልማድም ሊሆን ይችላል። ይህ ቃል እያለ «አደጋ አምጪ» የሚሉ ድርብ ቃላት የሚፈጠሩበትን ምክንያት አናውቀውም። ምናልባት «ጠንቅ» የእልፍኝ ወሬ ቃል መስሎ ለሳይንስ የማይመጥን ተደርጎ ታይቶ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ንቀት በሌሎች ቃላትም ላይ አይተነዋል።

ለ«ሪስክ» በአሁኑ ጊዜ የተለመደው «ስጋት» ነው። የዚህ አጠቃቀም መስፋፋት በአንድ መሥሪያ ቤት ስም ታሪክ ውስጥ ሊታይ ይችላል። በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተብሎ የተመሠረተው አካል በ1987 ዓ.ም. የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ሆነ፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዚሁ ሥራ ስም ውስጥ «የአደጋ ስጋት» የሚለው ጥምር ቃል ገባ። የመጀመሪያው ስም የሚናገረው ከጉዳት በኋላ ስለሚሆነው ነው፤ ሁለተኛው ከጉዳት በፊት ስላለው ዝግጅት፤ ሦስተኛው ገና ስላልደረሰው ነገር ልኬት። በጥምሩ ውስጥ «አደጋ» የ«ዲዛስተር»ን፣ «ስጋት» የ«ሪስክ»ን ቦታ ይዘዋል። ጥምሩ እርስ በርሱ ስለሚደጋገፍ በደንብ ቆሟል፤ እኛም እንቀበለዋለን።

«ስጋት» ብቻውን ሲቆም ግን ያሳስበናል። «ሰጋ» የልብ ግስ ነው። የሚሰጋ ሰው ከሌለ ስጋት የለም። ክዳን በሌለው ጕድጓድ አጠገብ የሚጫወት ሕፃን ምንም አይሰጋም፤ «ሪስኩ» ግን ከማንም ይልቅ በእርሱ ላይ ነው። በአንድ ወቅት እንድናርመው በቀረበልን የሕክምና የስምምነት ቅጽ ላይ፣ የእንግሊዝኛው ርእስ የቀዶ ሕክምናውን «ሪስኮች» የሚል ሲሆን ትርጉሙ «የቀዶ ሕክምናው ስጋቶች» ይል ነበር። ጽሑፉን ያነበብንላቸው አንዲት እናት «ዶክተሮቹ ራሳቸው ይሰጋሉ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄያቸው ከእኛ ትችት ሁሉ የተሻለ ነበር። ርእሱን «በቀዶ ሕክምናው ምክንያት ሊደርሱ የሚችሉ ጉዳቶች» ብለን ለወጥነው፤ ይኸውም ስሙን ትተን ወደ ግሱ ተመለስን። የመድረሳቸውን መጠን ለመግለጽም ከመቶ ሰው ስንቱን እንደሚያገኙ የሚናገር ዐረፍተ ነገር እንዲጨመር ጠየቅን፤ ያለዚያ የ«ሪስክ» ግማሹ ይቀራልና። ፊርማው የሚጠየቀው ሰው ምን እንደሚፈርም የሚያውቀው በዚህ ብቻ ነው።

ሌላም እንቅፋት አለ። ዓለም አቀፉ የአደጋ ቅነሳ አነጋገር፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በጃፓን ሰንዳይ ከጸደቀው ማዕቀፍ ጋር ይበልጥ የተስፋፋው፣ «ሪስክ»ን የሦስት ነገሮች ውጤት ያደርገዋል፤ የጠንቁ፣ በጠንቁ መንገድ ላይ የመገኘትና በቀላሉ የመጐዳት። የኋለኞቹ ሁለቱ «ኤክስፖዠር»ና «ቨልነረቢሊቲ» ይባላሉ። በአማርኛ ሰነዶች ሁለቱም «ተጋላጭነት» እየተባሉ ሲጻፉ እናያለን፤ በዚህም ሦስቱ ምክንያቶች ሁለት ይሆናሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን ባጥለቀለቀ ጊዜ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በእንዲህ ያለ ወንዝ ዳር የሚሠራ ቤት ሁሉ ለጎርፉ የተጋለጠ ነው፤ ይህ የቦታ ጉዳይ ነው። ከጭቃ የተሠራውና ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ የቆመው ግን እኩል አይጐዱም፤ ተኝቶ የነበረውና አስቀድሞ የተነገረውም እንዲሁ። አንዱን ችግር ሰው በማንሣት፣ ሌላውን ቤት በማጠናከርና ወሬ በመንገር ይቀንሱታል። መፍትሔያቸው የተለያየ ነገሮች በአንድ ቃል ሲጠሩ ሥራውም ይደባለቃል። «መጋለጥ» ለመጀመሪያው ይቅር፤ ለሁለተኛው «በቀላሉ ተጐጂነት» የሚል ሐሳብ እናቀርባለን። ውበት እንደሌለው እናውቃለን፤ የተሻለ የሚያመጣልን ተርጓሚ ቢገኝ ደስ ይለናል።

«ጄፐርዲ» እንደ «ሃዛርድ» የጨዋታ ልጅ ነው። ከፈረንሳይኛ «የተከፈለ ጨዋታ» ከሚል ሐረግ ወጥቶ፣ ማን እንደሚያሸንፍ ያልታወቀበትን የእኩል ፍልሚያ ያመለክት ነበር። በተራ ንግግር «አደጋ ላይ ወደቀ» ይበቃዋል። በሕግ ግን ሌላ ሕይወት አለው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛ ማሻሻያ፣ በ1791 እ.ኤ.አ. የጸደቀው፣ ሰው ለአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ «ጄፐርዲ» ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 23 ርእስም በእንግሊዝኛው ቅጂ ይኸው ቃል አለበት፤ የአማርኛው ርእስ ግን የሚናገረው ስለ ድጋሚ ቅጣት ነው። ተርጓሚው ወይም አርቃቂው «አደጋ»ን አለመጠቀሙ የሚመሰገን ነው። ሆኖም «ጄፐርዲ» የሚጀምረው ከቅጣት በፊት፣ ሰው ለፍርድ ሲቀርብ ነው፤ ነፃ የተለቀቀ ሰው አልተቀጣም፤ እንደገና መከሰሱ ግን ክልክል ነው። የአንቀጹ ቃል መከሰስንም መቀጣትንም ስለሚከለክል ርእሱ ከአንቀጹ የጠበበ ሆኖ ቀርቷል።

ሕግን ካነሣን ዘንድ፣ አማርኛ ራሱ እንግሊዝኛው ያላለውን አደጋ የሚጨምርበት ጊዜ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 384 በአማርኛ ስለ «አደገኛ ቦዘኔነት» ሲናገር፣ የእንግሊዝኛው ርእስ ቦዘኔነትን ብቻ ይጠቅሳል። ሁለቱን ርእሶች የሚያነብ ሰው ሁለት አዋጆች ይመስሉታል።

«ትሬት»ና «ሜናስ» አሳብ ካለው አካል የሚመጡ ናቸው፤ «ዛቻ» ይህን ይገልጸዋል። ነገር ግን እንግሊዝኛ ድርቅንና በሽታንም «ትሬት» ይላቸዋል። ድርቅ አይዝትም። እንዲህ ባለ ጊዜ ወደ ግሱ መመለስ ይሻላል፤ «ድርቁ እህሉን ያሰጋዋል» ወይም «ለእህሉ አስጊ ነው»። በነገራችን ላይ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚያዘጋጀው ቀይ መዝገብ ውስጥ ከ«ትሬት» የወጣው ቃል የሦስት ደረጃዎች ጥቅል ስም ሲሆን፣ ከ«ዴንጀር» የወጣው የመካከለኛው ደረጃ ስም ነው፤ ቀይ ቀበሮ የሚገኘው በዚህ በመካከለኛው ነው። በአማርኛ ሁሉም «የመጥፋት አደጋ የተጋረጠበት» ይባላል፤ ይባስ ብሎም «ብርቅዬ» የሚለው ቃል በቦታው ይተካል። ብርቅዬ መሆን ግን በሌላ አገር አለመገኘት ነው እንጂ ለመጥፋት መቃረብ አይደለም።

በመጨረሻም ወደ ጠርሙሱ ላይ ጽሑፍ እንምጣ፤ ስሙ ከግሱ ፈጽሞ የሚለየው እዚህ ነውና፣ ስሕተቱም የሚገድለው እዚህ ነው። በአሜሪካ የደኅንነት ምልክቶች ደረጃ መሠረት በማሽንና በሥራ ቦታ ላይ የሚጻፉ ሦስት ቃላት በደረጃ የተቀመጡ ናቸው። «ዴንጀር» የሚጻፈው ጥንቃቄ ካልተደረገ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት የሚያደርስ ነገር ላይ ነው፤ «ዎርኒንግ» ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ላይ፤ «ኮሽን» ቀላል ወይም መካከለኛ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ላይ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት በጉዳቱ ክብደት ላይ አይደለም፤ «ይገድላል» እና «ሊገድል ይችላል» በሚሉት ግሶች መካከል ያለው ነው። ለዚህ አማርኛ ከበቂ በላይ መሣሪያ አለው። ተርጓሚዎች ግን ቃሎቹን «አደጋ»፣ «ማስጠንቀቂያ»፣ «ጥንቃቄ» ብለው ያልፉና ደረጃው ለአንባቢው ሳይታወቅ ይቀራል። «ማስጠንቀቂያ» ለዘገየ ሠራተኛ የሚጻፍ ደብዳቤም ስለሆነ፣ ሞትን የሚያክል ነገር ከበስተኋላው ያለ አይመስልም።

ነገሩን የሚያወሳስበው፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው የኬሚካሎች ምደባና ምልክት ሥርዓት «ኮሽን»ን ትቶ ሁለቱን ብቻ መያዙ ነው። በዚህ ሥርዓት «ቢዋጥ ይገድላል» የተባለ ኬሚካል «ዴንጀር» ይጻፍበታል፤ «ዎርኒንግ» ቢዋጥ የሚጐዳውን ብቻ ያመለክታል። ስለዚህ «ዎርኒንግ» በማሽን ላይ ሲሆን ሞት ሊኖርበት ይችላል፤ በፀረ ተባይ ጠርሙስ ላይ ሲሆን ግን የቀለለው ደረጃ ነው። ተርጓሚው ቃሉን ከመተርጐሙ በፊት የየትኛው ሥርዓት እንደሆነ መጠየቅ አለበት። በምልክቱ ቃል ሥር ምንጊዜም አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንዲኖር እንመክራለን፤ ለምሳሌ «ቢዋጥ ይገድላል»፣ «ቢዋጥ ይጐዳል»፣ «ዓይን ቢነካ ሊያሳውር ይችላል»። ጠርሙሱን የሚያነሣው ገበሬ ወይም ልጁ የሚያነበው ይህን ነው።